ለሚጡዬ፣ ስለ ኪንግስፊልድና ስለዛ ሳይክል

ሚጡዬ እንዴት ነሽ፣ እሁድ ማታ ስልኩን ከዘጋሽው በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናትሽ ተኝታለች፣ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ በስልኬ ነው የምጽፍልሽ፣ ፊደል ከሳትኩ እለፊው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተክርስቲያን ምድር ቤት ሀ ሁ ያስቆጠርንሽ ለዚህ ቀን ነው፣ የከበደሽ ቃል ካለ እናትሽን ጠይቂያት፣ እኔማ ማስረዳት ከጀመርኩ አላቆምም፣ ታውቂኛለሽ።

የሕግ ፕሮፌሰርሽ በዛ ሁሉ ተማሪ ፊት ስምሽን ጠርቶ ኬዙን ተናገሪ ሲልሽ፣ አንብበሽው ሳለ ምላስሽ ተሳሰረና ዝም አልሽ፣ እሱም ዝም ብሎ ጠብቆ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈ። "አባ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" አልሽኝ። እኔ ደግሞ አይዞሽ ብዬ እዛው ላይ ማቆም ሲገባኝ ያው እንደ ልማዴ "ግን በደንብ አንብበሽ ነበር?" አልኩሽ። ከዛ በኋላ ድምፅሽ ተለወጠ። ኬዙ ስለምንድነው ብልሽ "ስለ አንድ እጅ ነው፣ ተወው አንተ አታውቀውም" ብለሽ ዘጋሽው።

አውቀዋለሁ እኮ ልጄ። ፀጉራሙ እጅ ነው። ሃውኪንስና ማክጊ የተካሰሱበት፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ 1929።

ከየት አወቅከው ትይኛለሽ። ከካርቱም እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት ዲሲ ኬ ስትሪት አካባቢ ፓርኪንግ ነበር የምሰራው፣ የማታ ሺፍት፣ የምቀመጥባት ቡዝ ከነእግሬ አታስተኛም፣ ሂተሩ አንዱን ጎኔን ያቃጥላል ሌላው ጎኔ ይበርዳል። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ጥሏት የሄደ ትንሽዬ ጥቁርና ነጭ ቲቪ ነበረች፣ አንቴናዋ የኮት መስቀያ ሽቦ ነው። ፐብሊክ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነበር ጥርት ብሎ የሚገባው፣ እሱ ላይ ነው ዘ ፔፐር ቼዝን ያየሁት። ሁዋላ እንደገባኝ ድራማው በ1978 ሲቢኤስ ላይ ነበር የተጀመረው፣ ግን በዛው ሰዓት ሌላው ጣቢያ ላይ ሃፒ ዴይስ የሚባል አገሩ ሁሉ የሚያየው ኮሜዲ ስለነበር ተመልካች አጥቶ በአንድ ዓመቱ አቋረጡት፣ ከዛ ፒቢኤስ፣ ያው ፐብሊክ ቴሌቪዥኑ፣ አንስቶ ደገመው፣ ሰው ስለወደደው ደግሞ በ1983 ሾውታይም የሚባለው የኬብል ጣቢያ ቀጠለውና ልጁ እስኪመረቅ እስከ 1986 ድረስ ሄደ። እኔ ኬብል ያስገባሁት አንቺ ከተወለድሽ በኋላ ስለሆነ ምርቃቱን ያየሁት ከዘመናት በኋላ ነው።

ታሪኩ ሃርት የሚባል ከሚድዌስት የመጣ ምስኪን የመጀመሪያ ዓመት የሕግ ተማሪ ነው፣ ፒዛ ቤት እየሰራ ይማራል (ይሄ ነበር መጀመሪያ የሳበኝ፣ ሰውዬው ትሪ ይዞ ልክ እንደኔ ይሯሯጣል ከዛ ደግሞ ክራቫት አድርጎ ክላስ ይገባል)፣ የኮንትራት አስተማሪው ደግሞ ፕሮፌሰር ኪንግስፊልድ ነው። ቦው ታይ ያስራል፣ መነፅሩን ዝቅ አድርጎ በላዩ ያያል፣ ከፊቱ የያንዳንዱ ተማሪ ፎቶ የተለጠፈበት የመቀመጫ ካርታ አለ፣ እሱን በጣቱ እየተከተለ "ሚስተር ሃርት" ይላል። በቃ ክላሱ ጭጭ።

ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? አያቴ። የአባቴ አባት ሙግት የሚወድ ሰው ነበር፣ የራሱ ጉዳይ ባይኖረው እንኳን የሰው ጉዳይ ሊሰማ ከዳኛ ፊት አይጠፋም፣ ኩታውን አጣፍቶ "ተጠየቅ!" ሲል ያኛው ወገን ላቡ ጠብ ይላል ይባላል። ኪንግስፊልድ ለኔ ኩታ የሌለው አያቴ ነበር። እንግሊዝኛው ግማሹ አይገባኝም፣ ተጠየቁ ግን ይገባኛል፣ አንድ ነገር ተናግረሽ ለምን ይልሻል፣ ለምኑን ስትነግሪው ደግሞ ሰውዬው ሴት ብትሆንስ፣ ወረቀቱ ባይፈረምስ እያለ መሬቱን ከስርሽ ይስባል።

ኮንሲደሬሽን የሚለውን ቃል ሰማሁና በመዝገበ ቃላት ፈለግኩት፣ "አሳቢነት" ይላል። እንዴት ያለ አገር ነው ውሉ በይሉኝታ የሚፀናው ብዬ ስገረም ሰነበትኩ። ያረመኝ ጋሼ ነው፣ ማዶ ያለው ፓርኪንግ ሎት ላይ የሚሰራው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ ገና ሲመጣ ብር የሚሰጥሽ። ጋሼ ስድስት ኪሎ ሕግ ፋኩልቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለ ነው በ67 ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ዘመቻ የተላከው፣ እንደዛው ቀረ። ፋኩልቲው በ1963 በፈረንጆቹ ሲከፈት ዲኑ ጄምስ ፖል የሚባል አሜሪካዊ ነበር፣ ከአስተማሪዎቹም ብዙዎቹ አሜሪካኖች ነበሩ፣ እና ጋሼ ድራማውን ሲያይ "እኛንም እንዲሁ ነበር የሚያፋጥጡን፣ ልዩነቱ እኛ በሰው ቋንቋ ነው የምንፋጠጠው" ይላል። ኮንሲደሬሽን ማለት ለተገባልሽ ቃል በምላሹ የምትሰጪው ነገር ነው፣ እዚህ አገር ያለሱ ባዶ ቃል ብዙውን ጊዜ አያስከስስም፣ የኛው የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ግን ይሄን አይጠይቅም፣ ችሎታ፣ ፈቃድና የውሉ ጉዳይ ካለ፣ ሕጉ በጽሑፍ ይሁን ያለውም በጽሑፍ ከተደረገ በቃው። ይሄን ያስረዳኝ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በረዶ እየዛቀ ነው፣ አስቢው።

ፊልሙን ግን ከዛ በኋላ ነው ያገኘሁት። ድራማው የተወለደው ከፊልም ነው፣ የ1973፣ ፊልሙ ደግሞ ሃርቫርድ ሕግ በተማረ ጆን ጄይ ኦስቦርን በሚባል ልጅ መፅሐፍ ላይ የተሰራ። ኪንግስፊልድን ሁለቱም ላይ የሚጫወተው ጆን ሃውስማን ነው። እና ይሄ ሰውዬ አሜሪካዊ አሜሪካዊ ሲሸትሽ ቡካሬስት የተወለደ፣ እንግሊዝ አገር የተማረ መጤ ነው፣ ደግሞ ምን ነበር ሥራው መሰለሽ፣ የእህል ነጋዴ! ስንዴ! በ1929 ገበያው ሲወድቅ ከስሮ ነው ቲያትር ውስጥ የገባው፣ ለአርባ ዓመት ምናምን ፕሮዲውሰርና ዳይሬክተር ሆኖ ከፊልም ሰሪው ኦርሰን ዌልስ ጋር ሁሉ ሰርቶ፣ ሰባ ዓመት አልፎት በዚህ ፊልም ኦስካር ወሰደ። እህል በረንዳ ከስሮ ኦስካር የወሰደ ሰው በይው። (በመጨረሻ ላይ የኢንቨስትመንት ካምፓኒ ማስታወቂያ ሲሰራ ሳየው ትንሽ አዝኜበታለሁ፣ ኪንግስፊልድ እቃ አይሸጥም ነበር።) በ1988 ነው ያረፈው።

ፊልሙ ላይ ሃርት በመጀመሪያው ቀን የሚነበብ ነገር እንደተለጠፈ ሳያውቅ ገባና ኪንግስፊልድ ቀድሞ እሱን ጠራው፣ ስለዛ ስላንቺው እጅ። ከክላስ ሲወጣ ሽንት ቤት ገብቶ አስመለሰ። አየሽ አንቺ ዝም ነው ያልሽው፣ አላስመለስሽም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኪንግስፊልድ ወደ ፊት ጠርቶ 10 ሳንቲም ሰጠው፣ ሂድና ለእናትህ ደውል፣ ጠበቃ መሆንህ ያጠራጥራል በላት ብሎ። እሁድ ስትደውይ ያ 10 ሳንቲም ነው ትዝ ያለኝ። ልዩነቱ ሃርት ወደ በሩ ሄዶ ሄዶ ተመለሰና እዛው ሰው ፊት ሰደበው፣ ሰውዬውም ዛሬ ከተናገርከው ሁሉ ይሄ የተሻለ ነው፣ ተቀመጥ አለው። አንቺ ተሳደቢ እያልኩሽ አይደለም! እናትሽ ይሄን ካነበበች አለቀልኝ።

ወደ እጁ ልመለስ። ልጁን በልጅነቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ አቃጥሎት መዳፉ ላይ ጠባሳ ነበረው፣ ዶክተሩ እኔ ላድነው እያለ ደጋግሞ ይነዘንዛል፣ አባትዬው ነው ልጁን ይዞ ቢሮው የሄደው፣ ሆስፒታል ስንት ቀን ይቆያል ብሎ ሲጠይቅ ሶስት ቢበዛ አራት ቀን፣ መቶ በመቶ ፍፁም የሆነ እጅ አደርግለታለሁ አለ። ከዛ ከደረቱ ቆዳ ልጦ መዳፉ ላይ ለጠፈበት፣ መዳፉ ፀጉር አበቀለ። ዳኛው ካሳው ከ500 ዶላር አይለፍ አለ፣ ጉዳዩ ላይኛው ፍርድ ቤት ሄደ፣ እሱ ደግሞ ካሳው በስቃዩ አይለካም አለ፣ የሚለካው ቃል በተገባለት በፍፁሙ እጅና አሁን ባለው እጅ መሃል ባለው ልዩነት ነው። ይሄን ነበር ፕሮፌሰርሽ እንድትይለት የፈለገው አይደል? ታውቂዋለሽ እኮ፣ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እኔ ይሄን ኬዝ ባየሁት ቁጥር የማስበው ስለ አባትዬው ነው፣ ልጁን እጁን ይዞ ስለወሰደው።

እና ሚጡ አሁን የማልወደውን ነገር ልጽፍ ነው። እኔ ኪንግስፊልድን ስወደው ጊዜ ቤቴ አመጣሁት። ክላሱን ሳይሆን ቅንድቡን ብቻ ነው ያመጣኸው ይለኛል ጋሼ። አንቺ ለጓደኛሽ ልደት ልሂድ ስትይ ፍሪጁ ጋ አቁሜ ለምን፣ ማን ያመጣሻል፣ ባይመጣስ እያልኩ ስጠይቅሽ የማስተምርሽ ይመስለኝ ነበር፣ ግን መልስሽ ልክ ሲሆን አንድ ቀን ልክ ነሽ ብዬሽ አላውቅም፣ ሌላ ጥያቄ ነው የምጨምረው። ጥያቄ ማለት ወጥመድ ነው ብለሽ ያደግሽው እኔ ቤት ነው። እሁድ ይሄን በቀጥታ አላልሽኝም፣ እኔ ነኝ የገባኝ፣ "ሲጠራኝ አንተ መሰልከኝ" ነበር ያልሽው፣ ቀልድ አስመስለሽ።

ሳይክሉን ታስታውሻለሽ? እኔ አልረሳሁትም። 9 ዓመትሽ ነበር፣ በቃል ያለ ይረሳል በመፅሐፍ ያለ ይወረሳል ስል ሰምተሽኝ ነው መሰለኝ ወረቀት ቀደሽ በከለር እርሳስ ውል ፃፍሽ። ሶስት ወር ሙሉ እራት የተበላበትን እቃ አጥባለሁ፣ አባ ሳይክል ይገዛልኛል። ስር ላይ ሐምራዊ ሳይክል ከፊቱ ቅርጫት ያለው ሳልሽ፣ ፈረምሽ፣ እኔም እየሳቅኩ ፈረምኩ፣ ፍሪጅ ላይ ተለጠፈ። ሶስት ወር ሙሉ በርጩማ ላይ ቆመሽ አጠብሽ፣ አንድ ቀን አላጓደልሽም፣ ሽሮ ያረረበት ድስት ሳይቀር። እኔ ሱቁ ሄጄ ሐምራዊውን አየሁት፣ 119 ዶላር ይላል፣ ኪራይ ደርሶ ነበር፣ ስመለስ መንገድ ላይ ሰው ያሮጌ እቃ ሲሸጥ አየሁና በ15 ዶላር ጥቁር የወንድ ሳይክል፣ ሰንሰለቱ የሚወልቅ፣ እግርሽ ፔዳሉ ላይ የማይደርስ አመጣሁልሽ። አንቺ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንስተሽ መጥተሽ ስዕሉን አሳየሽኝ። ኪራይ ደርሶብኝ ነው ማለት እኮ ይቻል ነበር። እኔ መነፅሬን ዝቅ አድርጌ "ፅሁፉ ላይ ሐምራዊ ይላል? አዲስ ይላል?" አልኩሽ። የሚገርመው ኮራሁ ሁሉ፣ ጥሩ መልስ የመለስኩ መስሎኝ። ወረቀቱን አስቀምጠሽ ክፍልሽ ገባሽ፣ ከዛ በኋላ እቃ ማጠብሽን አላቆምሽም፣ ይሄ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ወረቀቱ እኔ ጋ ነው ያለው፣ ከስደተኛነት ወረቀቶቼ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ። ትናንት ይዤው ጋሼ ጋ ሄድኩ። አይቶት ብዙ ሳቀ፣ ከዛ መነፅሩን አደረገ። ስዕሉ የውሉ አካል ነው አለኝ፣ ከፊርማው በላይ ስለሆነ። አንቺ ለአካለ መጠን አልደረስሽም ነበር፣ ግን እሱን አንስቶ ውሉን ማፍረስ የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ፣ እኔ አልችልም። ይርጋ፣ ማለት የመክሰሻው ጊዜ ገደብ፣ በኛ ሕግ 10 ዓመት ነው፣ 15 ዓመት አልፎታል፣ ሆኖም ተከሳሹ ካላነሳው ዳኛው ራሱ አያነሳውም አለ፣ ተከሳሹ ደግሞ አያነሳም። እዚህ አገር ሕግ ምን እንደሚል ከሁለታችን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ኮንሲደሬሽኑ እንኳ አለ፣ የሶስት ወር ድስት።

እና እንደ ፀጉራሙ እጅ ሰራነው። 119 ሲቀነስ 15፣ 104 ዶላር። በፍትሐ ብሔሩ ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 ከመቶ፣ የ15 ዓመት 140 ከ40። ድምር 244 ዶላር ከ40 ሳንቲም። የወለድ ወለድ አለው የለውም በሚለው ላይ ከጋሼ ጋር ተጣልተናል፣ አለው ካልሽ ተከራከሪኝና እጨምራለሁ፣ ግን በስልክ ነው የምትከራከሪኝ፣ ዝም ብዬ ነው የምሰማሽ፣ በየመሃሉ አልጠይቅም።

ሃርትና የክላስ ጓደኞቹ ስተዲ ግሩፕ ነበራቸው፣ ኮርሶቹን ተከፋፍለው ኖት ያዘጋጁ ነበር፣ አንቺም ፈልጊ። በዛ ላይ እንጀራ በእሮብ ፖስታ ይደርስሻል፣ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው።

ቼኩ ከዛ የውል ወረቀትሽ ኮፒ ጋር እዛው እንጀራው ፖስታ ውስጥ ነው፣ ማስታወሻው ላይ "ሐምራዊ" ብዬ ፅፌበታለሁ፣ ባንኩ ካልገባው አስረጃቸው።

አባትሽ