ሳይደርሰን የቀረው ኤክስፓንሽን እጄ ገባ

ውድ ወንድሜ ዳዊት፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሀዋሳ ሁሉ ሰላም ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ቡና ባፈላች ቁጥር «ያ ልጅ ምነው ጠፋ?» ትለኛለች። ስልክ ደውዬ «አለህ? አለሁ» ተባብለን መዝጋት አላሰኘኝም። የማወራህ ብዙ ስላለኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ።

ትዋይላይት ኦፍ ዘ አርኖርን አገኘሁት!

ፒያሳ የገዛናት ኮፒ ሲዲ ትዝ ትልሃለች? የመጀመሪያው ጋላክቲክ ሲቪላይዜሽንስ 2 ብቻ ነበር ያለባት፣ ያ ጠፈር ላይ መንግሥት የምንመራበት የኮምፒውተር ጌም፣ በፈረንጅ 2006 የወጣው። በዓመቱ ዳርክ አቫታር የሚባለው ኤክስፓንሽን፣ ማለትም ጌሙ ላይ የሚጨመር ክፍል፣ ወጣ፤ ሁለተኛው ኤክስፓንሽን ትዋይላይት ደግሞ በእኛ ሚያዝያ 2000 ወጣ፣ ሚሌኒየማችንን ባከበርንበት ዓመት። እኛ ወሬውን ሰምተን ቀረን። በዚያ ኢንተርኔት ማውረድ አይታሰብም፣ በውጭ ካርድ የሚከፍልልን ዘመድም አልነበረን። ሰሞኑን ካናዳ ያለው የአክስቴ ልጅ ሦስቱንም አንድ ላይ የያዘውን ገዝቶ ላከልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እሱው ላይ ነኝ።

ያኔ ስለ ጌሙ ሕዝቦች ሁሌ የምትለኝን አስታውስ፤ «ስማቸውና መልካቸው ይለያያል እንጂ ሁሉም አንድ ናቸው» ነበር። እውነትህን ነበር። ሰዎቹን ያዝ፣ ድሬንጂኖችን ያዝ፣ የምትወጣው ያው አንድ ዓይነት የቴክኖሎጂ ዛፍ ነው፣ ምርምርህን ደረጃ በደረጃ የምትመርጥበት፤ መሃል ላይ ስትደርስ የሁሉም ፋብሪካ፣ የሁሉም ሌዘር ተመሳሳይ ነው። የጌሙ ሠሪዎች ስታርዶኮች በትዋይላይት ያስተካከሉት ይህንኑ ነው። 12ቱም ሕዝቦች የየራሳቸው ዛፍ አላቸው። አንዱን ሕዝብ ለምደህ ወደ ሌላው ስትሄድ ከሀ ትጀምራለህ፤ መጀመሪያ ምን ልመራመር፣ ፕላኔቷ ላይ ምን ልሥራ የሚለው ሁሉ ይለወጣል። እኔ እንደ ድሮዬ ቶሪያኖችን ነው የያዝኩት። ድሬንጂኖች በባርነት የገዟቸው እነዚያ የውሃ ፍጡሮች፣ አንጀትህን ይበሉት የነበሩት። ያ ታሪክ ድሮ መግቢያው ላይ አንብበነው የምናልፈው ጽሑፍ ነበር። አሁን ግን ምርምር ልመርጥ ዛፉን በከፈትኩ ቁጥር የማን ልጆች እንደሆኑ ይታወቀኛል። ለእኔ ከጨመሯቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፤ ካርታው መስፋቱ፣ በክሪስታል የሚገኘው አዲሱ የማሸነፊያ መንገድ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

አንድ የሚያስፈራ ነገርም አለ፣ ቴረር ስታር የሚሉት። እንደምታውቀው የጠፈር ጣቢያ ባለበት የሚቆም ነገር ነው። ይሄኛው ግን ይንቀሳቀሳል፣ እየተንፏቀቀም ቢሆን። ጠላት ኮከብ ድረስ ካደረስከው ኮከቡን ያፈነዳዋል፣ በዙሪያው ያሉት ፕላኔቶች አብረው ይጠፋሉ። ከተሞቹ፣ እርሻው፣ ስንት ተራ የፈጀው ግንባታ ሁሉ። ካርታው ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። በእሱ ማሸነፍ ይቻላል፣ ግን የምትወርሰው ነገር የለም።

መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ ይሄን ጌም ለምን እንደመረጥነው ታስታውሳለህ። ሌላው ሲጫወት መብራት ከሄደ ሁሉም ነገር አብሮ ይሄዳል። የእኛ በተራ ስለሆነ አውቶሴቩን በየተራው አድርገን መብራት ቢጠፋም የሚቀርብን አንድ ተራ ነበር። ሁለት ሰው በየኮምፒውተሩ ሆኖ የሚገጥምበት መንገድ ስለሌለው አንድ ወንበር ላይ ተደራርበን አንድ መንግሥት እንመራለን፤ ግብሩና ፕላኔቱ የእኔ፣ መርከቡ የአንተ። ባለጌም ቤቱ «ሂሳቡ የማነው?» እያለ ሲነዘንዘን አንተ ገና ምንም የማይጨምር ክንፍ እየቀጠልክላት ነበር። እውነቴን ነው፣ እንዳንተ መርከብ ያሳመረ አላየሁም።

ያ ጌም ቤት የለም። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል፣ ሰምተህ ይሆናል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ለእግረኛ የሚመች ሆኗል፣ ማታ ማታ ደምቆ ታየዋለህ። ሰፈርተኛው ግን ተበትኗል፤ የምናውቃቸው ሰዎች ዛሬ ከተማው ዳር ናቸው፣ ለልቅሶና ለማኅበር ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። እኔ ከአራት ኪሎ ወደ ጊዮርጊስ በእግሬ ስሄድ ቤቱ የቱ ጋር እንደነበር ለመለየት ቆም እላለሁ። ትዋይላይት የተጫነ ቀን ማታ ለማን ሮጬ እንደምነግረው ግራ ገባኝ። ከአንተ ሌላ የሚገባው ሰው የለም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከድሬንጂኖች ጋር ጦርነት ላይ ነኝ። መርከቦቻቸው በሙሉ ሌዘር ጭነዋል፤ እኔ ደግሞ ሚሳይል ይመጣብኛል ብዬ ፖይንት ዲፌንስ ነው የገጠምኩት። ሕጉን ታውቀዋለህ፦ ለሌላ መሣሪያ የተሠራ መከላከያ የሚሠራው በካሬ ሥሩ ልክ ነው፣ 9 የሆነው ዲፌንስ ለሌዘር 3 ብቻ ነው። ስለዚህ ጦሬ እየተጨፈጨፈ ነው። በሌላ በኩል ቴረር ስታሬ ወደ ዋናው ኮከባቸው እየተጠጋ ነው። አራት ጥሩ ፕላኔት አለበት፣ ብንይዛቸው ጦርነቱ ያልቃል። ኮከቡን ላፈነዳው ስል ግን እጄ አልሄድ አለ።

ሴቭ ያደረግኩትን ፋይል አያይዤልሃለሁ። ያንኑ የሦስቱን እትም ካልጫንክ አይከፈትልህም፤ ካጣህ ንገረኝና በፍላሽ አድርጌ ሀዋሳ ለሚወርድ ሰው እሰጥልሃለሁ። ሌዘር የሚመክተውን ሺልድ ተመራምሬ ጨርሻለሁ፣ ገንዘቡም አለ፣ የጎደለው መርከብ ሠሪ ነው። ሌዘራቸውን የሚችል አንድ ትልቅ መርከብ ሥራና ተራውን ሳትጨርስ ሴቭ አድርገህ መልስልኝ። ክንፍ ከፈለግክ ቀጥልላት።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ
ከአራት ኪሎ