ስምንት በርና አንዲት ክፍል፦ ለትምህርት ቤታችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ልጄ አምና አምስተኛ ክፍል ሳለ በአንድ ወር ውስጥ አራት እስክሪብቶ «ጣለ»። በአራተኛው ቀበቶዬን ፈታሁ። ምክንያቱን ሳልጠይቅ ገረፍኩት። ከቀናት በኋላ እናቱ ሸሚዙን ልታጥብ ስትል ከውስጥ በኩል፣ ደረቱ ላይ፣ ሰማያዊ የጽሑፍ መስመር ታትሞ አየች። ለካ ልጁ ደብተሮቹን በቦርሳ መያዝ ትቶ ከሸሚዙ ሥር ከገላው ጋር አጣብቆ ነበር የሚመላለሰው። ላቡ ቀለሙን አሟሙቶታል። ከመፀዳጃ ቤቱ ጀርባ ሦስት ልጆች እየጠበቁ ቦርሳውን ይበረብሩበት፣ እስክሪብቶውንና እናቱ የቋጠረችለትን ቆሎ ይቀሙት ነበር፤ አንድ ቀን ደብተሩን ጉድጓድ ውስጥ ጥለውበታል። ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው «አንተም ትመታኛለህ ብዬ ነው» አለኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ ሰብሳቢ ነበርኩ። አሁንም ነኝ፤ ይህንን ጥሪ የምጽፈውም በዚሁ ኃላፊነት ነው።

ትምህርት ቤቱ የለመደውን አደረገ። ሦስቱን አንበረከካቸው፤ ከዚያም «ወላጅ ይዛችሁ ኑ» ተባሉ። የአንደኛው አባት ግቢው ውስጥ ሰው ፊት በጥፊ አጮለው። ሌላኛው ከገበያ የለመነውን አንድ ሰውዬ «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ መጣ። ሁላችንም ሳቅን። ኋላ ላይ እንደሰማነው ግን የዚህ ልጅ እናት ጅዳ ናት፤ የሚኖረው ዓይናቸው ከደከመ አያቱ ጋር ነው፤ ቆሎ የሚቀማውም ርቦት ነበር። ማንን ይዞ ይምጣ? በሳምንቱ ሦስቱም ልጄን ከመንገድ ጠብቀው ደበደቡት።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እኛ ግን በአለንጋ እየገረፍን «ጉልበተኛ አትሁኑ» እንላለን። ልጆቹ የሚማሩት ከምክሩ ሳይሆን ከአለንጋው ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኩዮቹ ጥቃት ደርሶበታል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1982 ሦስት ታዳጊዎች ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ በማግሥቱ ዓመት አገር አቀፍ ዘመቻ ከፈተች። ዳን ኦልቬውስ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያኔ ያዘጋጀው አሠራር ቀላል ነው፦ ግልጽ ደንብ፣ በዕረፍት ሰዓት ግቢውን የሚዞር አዋቂ፣ ከአጥቂውም ከተጠቂውም ከወላጆቻቸውም ጋር የምር ንግግር። ፊንላንዶች ደግሞ በቱርኩ ዩኒቨርሲቲ በተዘጋጀው ኪቫ በተባለ ፕሮግራም ዓይናቸውን ከዳር ቆሞ በሚያየው ልጅ ላይ ጣሉ። ጉልበተኛ ያለ ተመልካች አይደምቅም፤ ተመልካቹ መሳቁን ሲተው ጨዋታው ይፈርሳል።

ከዚህ ተነሥተን መምህራኑ የግቢውን ንድፍ በወረቀት አባዝተው ለተማሪዎች አደሉ። ስም ሳይጽፉ የሚፈሩት ቦታ ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ተጠየቁ። የወንዶቹ ምልክት መፀዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ተከማቸ። የሴቶቹ ግን መፀዳጃ ቤቱ ራሱ ላይ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን ሲያልፍ በሮቹ እንደወጡ ቀርተዋል። አንዲት ልጅ ከምልክቷ ጎን «ውኃ አልጠጣም» ብላ ጽፋለች። ትርጉሙን ለማወቅ ሴት መምህራኑን መጠየቅ ነበረብኝ፤ መፀዳጃ ቤት ላለመግባት ስትል ቀኑን ሙሉ በጥም ትውላለች። ተፈናቅለው ከመጡት ልጆች አንዱ ደግሞ ምልክት ሳያደርግ ከታች «ተፈናቃይ አትበሉኝ፤ ስም አለኝ» የሚል ጽፏል። ለእሱ በር መግጠም አይበቃም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህንን ነው። ከውስጥ የሚቆለፉ ስምንት የመፀዳጃ ቤት በሮች እንሠራለን። የቁልቋሉን አጥር መንጥረን ከመምህራን ማረፊያ ወደዚያ የሚያሳይ የሽቦ አጥር እንተካለን። አሮጌዋን ዕቃ ቤት አድሰን ልጅ ገብቶ በሩን ዘግቶ የሚናገርባት ክፍል እናደርጋታለን፤ ሁለት መምህራን፣ አንዷ ሴት፣ በፈረቃ ሊቀመጡባት ተስማምተዋል። ሚኒ ሚዲያው በጠዋት ሰልፍ ላይ የሚያቀርበውን አጭር ድራማ ተማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈው ጨርሰዋል፤ የድምፅ ማጉያው ግን ከተበላሸ ቆይቷል።

ቅሬያችን፣ ማለትም የመንደራችን ዕድር፣ ለሐዘን ብቻ የሚሰበሰብ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ዘንድሮ ለዚህ ሥራ ከየቤቱ አንድ ሰው ለማሰለፍ ወስኗል፤ ሸሆቹም ቄሶቹም በተገኙበት ዱአው ተደርጓል፣ ምርቃቱም ተሰጥቷል። ጉልበት አለን። የጎደለን ቆርቆሮ፣ ሳንቃ፣ ሲሚንቶ፣ ማጠፊያ፣ የአጥር ሽቦና ማጉያው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ነጋዴዎች ዕቃውን በዓይነት ብትሰጡን እንመርጣለን፤ የዋጋ ክርክሩንም የኪራዩንም ወጪ ታስቀሩልናላችሁ። በጅዳ፣ በቤይሩት፣ በዱባይ ያላችሁ እናቶችና እኅቶች፣ በዚህ የምንነጋገረው ስለ ልጆቻችሁም ጭምር ነው፤ ገንዘቡን በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። ርዕሰ መምህሩ፣ የቅሬው ዳኛና እኔ ሦስታችን ካልፈረምን ከባንክ አንድ ብር አይወጣም። ለሰጠ ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ወጪውም በየወሩ መጨረሻ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል።

ሥራው የሚጀመረው ከጥምቀት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ቡናውን በግቢው ዙሪያ ያሉ እናቶች ችለዋል። ያ ከገበያ «አጎት» ሆኖ የመጣው ሰውዬ አናጢ ሆኖ ተገኝቷል፤ በሮቹን ያለ ክፍያ ሊገጥም ቃል ገብቷል። ሚስማር ግን እስከ ዛሬ የሰጠን የለም።