ፎርማሊን የሌለበት ብልቃጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደሴ የምኖር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አክስቴ ለወራት «ጨጓራዬ ነው» እያለች በአብሽና በኦሜፕራዞል ስታስታግሰው የቆየችው ሕመም ሲጠናባት ከኩታበር አምጥቼ ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን የማየት ምርመራ፣ አስደረግኋት። ከጨጓራዋ የተወሰዱት፣ ከምስር ክክ የማይበልጡ ሁለት ናሙናዎች በጨው ውሃ ብልቃጥ ውስጥ ተከትተው፣ ስሟ በፕላስተር ላይ ተጽፎ፣ አዲስ አበባ እንዳደርስ ተሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን ሳስረክብ ውሃው ደፍርሶ ነበር። «ለምርመራ አይበቃም» ተባልኩ፤ አክስቴም ያንን ቱቦ እንደገና ዋጠች።

ጉዳዩ ከአንድ ቤተሰብ እንግልት ያልፋል፤ እንዲህ ባለው ናሙና ላይ መድኃኒት ለመምረጥ የሚረዱ ተቀባዮች፣ ማለትም ሕዋስ መልእክት የሚቀበልባቸው ፕሮቲኖች፣ ይፈለጋሉና። እ.ኤ.አ. በ1905 ኤድኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ የደረሰበት ጋስትሪን የተባለ ሆርሞን በደም ተጉዞ ተቀባዩ ካለባቸው የጨጓራ ሕዋሳት ሲደርስ አሲድ እንዲመነጭ ያደርጋል፤ ሶማቶስታቲን የተባለው ሌላ ሆርሞን ደግሞ ይገታል። የእነዚህ ሆርሞኖች ተቀባዮች በዕጢ ላይም ይገኛሉ። በተለይ ሆርሞን ከሚያመነጩ ሕዋሳት በሚነሱት፣ ኒውሮኢንዶክሪን በሚባሉት የጨጓራ ዕጢዎች ላይ የሶማቶስታቲን ተቀባይ በብዛት ስለሚኖር፣ ሶማቶስታቲንን አስመስሎ የተሠራ እንደ ኦክትሪዮታይድ ያለ መድኃኒት የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። በተለመደው የጨጓራ ካንሰር፣ በአዴኖካርሲኖማ፣ በቅድሚያ የሚፈለገው ግን ኸር-2 ነው፤ እርሱ የሆርሞን ሳይሆን ከዕድገት ተቀባዮች ወገን ሲሆን፣ ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት ይህ ተቀባይ ለበዛበት የጨጓራ ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካና በአውሮፓ ተፈቅዷል።

ተቀባይ ፕሮቲን ነው፤ ሥጋው ከሰውነት ከተለየበት ደቂቃ ጀምሮ መበላሸት ይጀምራል። የጨው ውሃ ይህን አያቆመውም። የሚያቆመው፣ እኛ በትምህርት ቤት እንሽላሊት የምናቆይበት ያው ፎርማሊን ነው፤ መጠኑም የናሙናውን ቢያንስ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ኸር-2 በዕጢው ውስጥ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ስለሚገኝ ከ6 እስከ 8 ቁራጭ መውሰድ ይመከራል፤ የአክስቴ ሁለት ብቻ ነበር።

አንድ ባልደረባዬ «መድኃኒቱን ለማይገዛ ሰው ተቀባዩን ማወቅ ምን ይረባዋል?» ብሎኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የፈረሰ ናሙና ቁስል ይሁን ካንሰር እንኳ አይናገርም። አክስቴ ይህን ለማወቅ ብቻ አምስት ሳምንት ጠበቀች።

ስለዚህ በወሎ ኢንዶስኮፒ በሚሠራበት ክፍል ሁሉ ፎርማሊን የተሞላ ብልቃጥ ታካሚው ከመግባቱ በፊት እንዲዘጋጅ፣ ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት እንዲጻፍበት፣ ለሚያደርሰው ዘመድም በእጁ የያዘው ምን እንደሆነ እንዲነገረው የጤና ኃላፊዎችን በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ፎርማሊንን በጠረኑ የማውቅ መምህር ሆኜ፣ ያን ብልቃጥ ይዤ ስጓዝ ክዳኑን ከፍቼ አላሸተትኩም።

ከደሴ