ጉዳዩ፦ የ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርትን ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በጥር መጨረሻ እንደሚሰጥ እናስታውቃለን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ስለ እንግሊዝኛ መምህራችን ነው። ባለፉት ሦስት ሳምንታት አሥራ አንድ ወላጆች ቢሮዬ መጥተው አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርበዋል፦ «ልጄ ክፍል ውስጥ ፊልም እያየ፣ ዘፈን እየሰማ ነው የሚውለው፤ የምከፍለው ለዚህ ነው?» ቅሬታችሁን አከብራለሁ። ሆኖም የሚታየው ፊልም ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ድምፁ ተዘግቶ ተማሪዎቹ የተዋናዮቹን ንግግር ራሳቸው በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ ቀጥሎ ድምፁ ተከፍቶ የጻፉትን ያስተያያሉ። የዘፈኑ ግጥምም ግሦቹ ወጥተውለት ይታደላል፤ ሰምተው ይሞላሉ። ይህ ሰዋስው አይደለም የሚል ወላጅ የልጁን ደብተር ይዞ ይምጣ፤ አብረን እንገልጣለን።

«የባዕድ ባህል ነው» ያላችሁም አላችሁ። መምህሩ ዘንድሮ የሚያስነብቡት ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፉትን «አፈርሳታ» ነው፤ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች በገዛ ደመወዛቸው ነው የገዙት። የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠላል፤ የአገሩ ሰው አጥፊውን ለማውጣት አፈርሳታ ይቀመጣል። ከዚህ በላይ የእኛ የሆነ ምን ይምጣ? «ልጆቹ ዛፍ ሥር ሲጯጯሁ ነበር» የተባለውም ይኸው ነው። ሽማግሌ፣ ባለ ጎጆና ተጠርጣሪ ሆነው በእንግሊዝኛ ይመረማመሩ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ድምፁን ሰምቼ የማላውቀው ልጅ «በዚያ ሌሊት የት ነበርክ?» እያለ ጓደኛውን ሲያፋጥጥ ቆሜ ሰምቻለሁ።

«ብሔራዊ ፈተናውስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የወደቁት ሁሉ የሰዋስው ሕግ ሳይሸመድዱ ቀርተው ነውን? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄው ያልገባው ልጅ ቀመሩን ቢያውቅ ምን ያደርግለታል? መማሪያ መጽሐፉም አልተተወም። ፊልሙ፣ ዘፈኑና ጨዋታው በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ብቻ!

አንዱን ቅሬታ ግን ተቀብያለሁ፦ የሚታየው ፊልም አስቀድሞ ሊነገረን ይገባል ያላችሁት እውነት ነው። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ርዕሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ እኔም አስቀድሜ አየዋለሁ።

መምህሩን እንዳስቆማቸው በጽሑፍ ለጠየቃችሁኝ መልሴ አላስቆማቸውም የሚል ነው። የፊታችን ሐሙስ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ 9ኛ «ለ» አፈርሳታውን ይደግመዋል። ወላጆች ከኋላ የምትቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ተዘጋጅቷል፤ ስልካችሁን ዘግታችሁ ግቡ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር