ስለዚያች የብስክሌት ፎቶ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣
ባሕር ዳር

አባዬ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ፣ ሚጡስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሰላምታውን ማሳጠሬን እንዳይቀየሙኝ፤ የምነግርዎት ነገር አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።

ብሩ ሐሙስ ደርሷል መሰለኝ። 400 ዩሮ ነው። 250ው ለሚጡ ሰርግ፣ የቀረው ለእርስዎ መድኃኒትና ለሐኪም። እባክዎ ሁለቱ እንዳይደባለቁ፤ ድንኳኑ እንደሁ የሰጡትን ሁሉ ይበላል። ማነሱን አውቃለሁ። ወንድሜም ነግሮኛል። «እኛ በድንኳን ኪራይ ስንጨነቅ አንቺ ከፈረንጅ ጋር ብስክሌት ትነጃለሽ» ብሎ ያቺኑ ፎቶ መልሶ ላከልኝ። ዝም አልኩት። ለእሱ የምመልሰውን ለእርስዎ ልጻፈው፤ ብስክሌት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

መጀመሪያ ነገር፣ ብስክሌቷ በ60 ዩሮ የገዛኋት አሮጌ ናት። ከቤቴ እስከ ፖም እርሻው የምመላለሰው በእሷ ነው። ከኋላዬ የሚታዩት ፈረንጆችም አብረውኝ የመጡ አይደሉም፤ አላፊ አግዳሚ ናቸው። ያነሳችኝም አንዲት አሮጊት ናት፣ ለምኛት።

ያለሁበት ሸለቆ በጣልያን ሰሜን ጫፍ፣ ከኦስትሪያ ድንበር ሥር ነው። ጣልያኖቹ ቫል ቬኖስታ ይሉታል፤ ነዋሪዎቹ ግን ፊንሽጋው ነው የሚሉት። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የኦስትሪያ ስለነበረ አገሩ ጣልያን፣ አፉ ጀርመን ነው። መሀሉን አዲጄ የሚባል ወንዝ ይወርዳል። ወንዙን ተከትሎ ከሬሸን ሐይቅ እስከ ሜራኖ ከተማ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የብስክሌት መንገድ አለ። የብስክሌት አልኩ እንጂ አብዛኛው እንደ ዋና መንገድ ለስላሳ አስፋልት ነው። መኪና አይገባበትም። አንዳንድ ቦታ የፖም ሳጥን የጫነ ትራክተር ቀስ ብሎ ይመጣና ገበሬው እጁን አንስቶ ያልፋል፤ ሌላ ሞተር የለም። ዳገቱን የፈራ በባቡር ወጥቶ በብስክሌት ይወርዳል። ከአንዱ ጣቢያ የተከራየውንም ሌላው ጣቢያ ላይ ይመልሳል። ባቡሩ ራሱ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2005 በእነሱ አቆጣጠር ነው እንደገና የተከፈተው።

መጀመሪያ ጎማ የተነፈሰብኝ ቀን የሆነውን ልንገርዎ። ብስክሌት ሠሪ ዘንድ ገባሁ። ቋንቋ የለኝም። «ጎማ» አልኩት፣ ገባው። «ፍሬን» አልኩት፣ ገባው። «ካቴና፣ ፖምፓ፣ ማርሽ» እያልኩ በእርስዎ ሱቅ የሰማሁትን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ለካ ስንናገር የኖርነው ጣልያንኛ ነው! ሰውዬው ጣልያንኛ የምችል መስሎት ብዙ ወሬ ጀመረኝ፤ እኔ ደግሞ ከብስክሌት ውጭ አንድ ቃል የለኝም። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ከሐምሌ ጀምሮ የጠፋሁት በሥራ ብዛት ነው። መሰላል ላይ ሆኜ እጄንም ትንሽ ጭሮኝ ነበር፤ ምንም አይደለም።

ያቺ ፎቶ የተነሳችው በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ጀሶው ከተፈታልኝ በሳምንቱ እሑድ ነው። ይኸው አመለጠኝ። ብሰርዘውም ያውቁብኛል፤ የተሰረዘ ደብተር ወደ መብራት አንስተው ያነቡ አልነበር? እሺ፣ ጭረት አልነበረም። የግራ እጄ አንጓ ነው፣ ስድስት ሳምንት። አሁን ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ሳጥን ያነሳል። ለእማዬ እዚህችን አያንብቡላት። የብሩ ማነስም ከዚሁ ነው እንጂ ከብስክሌት አይደለም።

ያን እሑድ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። በባቡር እስከ ማልስ፣ ከዚያ ብስክሌት በሚጭን አውቶቡስ እስከ ሬሸን ሐይቅ ወጣሁ። ከሐይቁ ውስጥ የደወል ማማ ብቻውን ቆሟል። በ1950 በእነሱ አቆጣጠር ለመብራት ኃይል ብለው ሲገድቡት መንደሩ በሙሉ ውኃ ገባ፤ ቤቶቹን አፍርሰው የ14ኛው ክፍለ ዘመን ማማ ብቻ ተዉት። ሰዉ እየተጠጋ ፎቶ ይነሳል። እኔ ሳላስበው ተሳለምኩት። የጣና ልጅ ነኛ! ውኃ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ሳይ ታንኳ የሚመጣ ይመስለኛል።

ሐይቁ ከፍታው 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ነው። ይህን ሁሉ በረዶ የሚያወርዱት ከእኛ ሥር ሆነው ነው! ከዚህ ጎን ደግሞ ስቴልቪዮ የሚባል፣ አናቱ 2,757 ሜትር ከፍታ ላይ የሆነ ዳገት አለ። ከፕራድ መንደር ሲወጡት 48 መታጠፊያ አለው፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተለጥፎበታል። በዓመት አንድ ቀን ለመኪና ዘግተው ለብስክሌተኛ ይለቁታል። አሠሪዬ በኩራት ሲነግረኝ «ደብረ ብርሃን የሚባል ከተማችን ከዚህ ይበልጣል» አልኩት። በስልኩ ፈልጎ እስኪያይ አላመነኝም።

ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ ነው የወረድኩት። የግራ እጄ ገና ደካማ ነበር፤ ደግነቱ የኋላው ፍሬን በቀኝ በኩል ነው። «የፊቱን ብቻ ከያዝሽ ትገለበጫለሽ» ያሉኝን አልረሳሁም። በተራራው ወገብ ላይ ያለውን ነጭ ገዳም አልፌ፣ ግሉርንስ በምትባል በግንብ በታጠረች ትንሽ ከተማ በአንዱ በር ገብቼ በሌላው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ግራና ቀኙ ፖም ብቻ ነው። ቅርንጫፉ ከፍሬው ብዛት ጎንበስ ብሎ መንገዱን ይነካል። የመስኖው ውኃ «ጭስ፣ ጭስ» ይላል። ሌላ ድምፅ የለም። ያኔ ነው ከሥሬ «ክርት… ክርት… ክርት» የሚል የሰማሁት።

ወረድኩና ፔዳሉን በእጄ አዞርኩት። እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው ቁጭ እንዳሉ «የዚያች ልጅ ካቴና ዘይት የላትም፣ ጥሯት» ይሉ ነበር፤ ልጅቷ ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለች። ይህችን ብስክሌት አንድ ዓመት ነዳኋት፣ እንዲህ ስትል አንድ ቀን አልሰማኋትም። ወደ ሥራ ስሄድ ከእርሻው በፊት በመኪና መንገድ ማለፍ አለብኝ፤ የሚሰማው መኪና ነው። እዚያው ፖም ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስለ እጄ አይደለም፣ ስለ እናንተም አይደለም፤ እንዲሁ። ሁለት ሰዎች ብስክሌታቸውን አቁመው «ጎማሽ ፈነዳ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ፖምፓ አውጥተው ሊነፉልኝ ሲሉ ጎማው ደኅና ነው። ምን ብለው ይሆን!

ወንድሜ ያየው ፊቴን ነው። ፎቶው የተነሳው ከዚያ በፊት፣ ሐይቁ ዳር ነው።

ለሰርጉ አለመምጣቴን ሥራ ይዞኝ ነው ብዬ ነበር። ወንድሜ «በጥር ምን ፖም አለ?» አለኝ። ልክ ነው፣ የለም፤ ጥር ቅርንጫፍ የሚገረዝበት ወር ነው። ግን ዋናው እሱም አይደለም። ወረቀቴ እድሳት ላይ ነው፤ ብወጣ መመለሴ አያስተማምንም። ሚጡን ሕፃን ሆና በብስክሌቱ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ትምህርት ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። አሁን ከቤት ስትወጣ ሌላ ሰው ይሸኛት። ሙሽራው ቁም ነገረኛ ነው ይባላል። እርስዎ ግን ስለ እሱ አንድ ቃል አልጻፉልኝም። አልወደዱትም እንዴ? ወይስ ልጅ መስጠቱ ነው የከበደዎት? ከምርቃቱ ቀድመው ስልክ ያስደውሉልኝ፣ በድምፅ እንኳ ልኑር።

ስለ እግርዎ እማዬ ነግራኛለች። ቁስሉ ከተከፈተ ሦስት ሳምንት ሆነው አሉ፤ እርስዎ ደግሞ «ደኅና ነኝ» ብለው ነው የጻፉልኝ። ከማን እንደ ወረስኩት ገባኝ። አባዬ፣ ስኳር ያለበት ሰው የእግር ቁስል ቀጠሮ አይሰጥም። ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አይሂዱ። ማታ ማታ እማዬ ውስጥ እግርዎን በመብራት ትይልዎት፣ እርስዎ ላይሰማዎት ይችላልና። ሱቁን ዘጋሁ ማለትዎንም ሰምቻለሁ። ይዝጉት፣ ይረፉ። ቸርኬ የሚያቀኑባትን ብረት ግን እንዳይሸጧት፤ እኔ ነኝ የምወስዳት።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ወንድሜ (ተቀይሜዋለሁ፣ ግን ይርዳዎት) እግርዎን ወረቀት ላይ አስቁሞ ዙሪያውን በእርሳስ ያስምርና ፎቶ ያንሳልኝ። ግራውንና ቀኙን ለየብቻ፣ ማታ ሲያብጥ። ሰፊና ስፌቱ የማይቆረቁር ጫማ እዚህ አይቻለሁ፤ ቁጥሩን ብቻ ነው የምጠብቀው።

ልጅዎ