በሮም ለደረሳችሁልን ሁሉ፦ ምስጋናችንና የተቀበልነው አደራ

ከሁሉ አስቀድሞ እናታችንን ከክፉ ሰውሮ በእግራቸው ቤታቸው ላስገባልን ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው። ቀጥሎም ሰው በጠፋበት ሰዓት ሰው ሆናችሁ ለተገኛችሁልን፣ በሮምና በቦሎኛ ለምትኖሩ ወገኖቻችንና ለጣሊያናውያን ወዳጆቻችን፣ እኔና ወንድሞቼ በመላው ቤተሰባችን ስም ይህን ምስጋና እናቀርባለን። ብዙዎቻችሁ ስማችን አይጠራ ስላላችሁን ስም አንጠራም። ስንለያይ "ውለታችሁን በምን እንመልስ?" ብለን ስንጠይቃችሁ ግን የሁላችሁም መልስ አንድ ነበር፦ "ከአገር ቤት ለሚመጡት ንገሩልን።" ስለዚህ ያስተማራችሁንን ከምስጋናው ጋር አብረን እናደርሳለን።

ወደ ጣሊያን የሄድነው ታናሽ እህታችን ከቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ለማየት ነበር። እናታችን ለረጅም ዓመታት ከስኳር ሕመም ጋር የኖሩ ናቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሮም ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ቲኬት መቁረጫው ማሽን ፊት ቆመን ሳለ አንዲት ወጣት "ልርዳችሁ" ብላ ተጠጋች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያሯሯጠች ስታዋራን፣ ከኋላችን የነበረ ጓደኛዋ የእናታችንን ቦርሳ ይዞ ተሰወረ። ፓስፖርቱ፣ ስልኩና ገንዘቡ ሄደ። ከሁሉም የባሰው ኢንሱሊኑና የስኳር መለኪያው አብሮ መሄዱ ነበር።

በዚያ ድንጋጤ ውስጥ መጀመሪያ የደረሳችሁልን በቴርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላችሁ እህታችን ናችሁ። ደጃችሁ ላይ ቆመን ስታዩን ምን ሆናችሁ እንኳ ሳትሉ እናታችንን አስቀምጣችሁ ውሃ ሰጣችኋቸው። አንድ ፋርማሲ ያለ ሐኪም ማዘዣ አንሰጥም ብሎ መልሶን እንደነበር ስትሰሙ፣ እንግዳ የሞላውን ቤት ለሠራተኛ ትታችሁ ወደምታውቁት ሌላ ፋርማሲ ይዛችሁን ሄዳችሁ። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ።

ለፋርማሲዋ ባለሙያ ምስጋናችን ቃል ያጥረዋል። የማዘዣው ፎቶ በእኔ ስልክ ላይ ነበር። አስፍታ አነበበችው፣ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም በኮምፒውተሯ ላይ ፈለገች፣ ከዚያም የእናታችንን ጣት በመርፌ ጫፍ ወጋ አድርጋ ለካቻቸው። ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። እናታችን በዚያን ጊዜ ማስመለስ ጀምረው ነበር። ኢንሱሊኑ ከማቀዝቀዣ እንዲወጣ ለባልደረባዋ እየነገረች ራሷ 112 ደወለች፤ አምቡላንሱ እስኪመጣም ከጎናቸው ተንበርክካ እጃቸውን አልለቀቀችም። በጣሊያን ሕግ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን እንደሚወስድ የሚያሳይ ነገር ካለው፣ በአስቸኳይ ጊዜ ፋርማሲስቱ ያለ አዲስ ማዘዣ ሊሰጠው እንደሚችል የነገረችን እሷ ናት። እናት አባታችሁን ይዛችሁ የምትጓዙ ሁሉ፣ የማዘዣውን ፎቶ በሁለት የተለያዩ ሰዎች ስልክ ላይ አስቀምጡ፤ ሳይንሳዊ ስሙም ይኑርበት፤ ምክንያቱም የንግድ ስሙ ከአገር አገር ይለያያል። ኢንሱሊን በሁለት ቦርሳ ተከፍሎ ይያዝ፤ አውሮፕላን ላይም አብሯችሁ ይግባ እንጂ ከሻንጣ ጋር አይላክ። ፋርማሲ አረንጓዴ መስቀል አለው፤ ሌሊትና በዓል ላይም በተራ የሚከፍት አይጠፋም፤ የትኛው ተረኛ እንደሆነ በተዘጋው በር ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

112 በመላው የአውሮፓ ኅብረት የሚሠራ፣ ከማንኛውም ስልክ በነጻ የሚደወል የአደጋ ጊዜ ቁጥር ነው። ልጆችም ሽማግሌዎችም በቃላቸው ይያዙት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት የአንዲት እህት ሌሊት ነው። እሷ ከኤርትራ መጥታ ሮም ውስጥ አንዲት አዛውንት ጣሊያናዊት የምትጦር ሠራተኛ ናት። ባለምግብ ቤቷ ደውላ ነገረቻት። አሮጊቷን አስተኝታ፣ ለሴት ልጃቸው አደራ ብላ፣ በፔርሙስ አጥሚት ይዛ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል፣ እነሱ ፕሮንቶ ሶኮርሶ የሚሉት ጋ፣ ደረሰችልን። እናታችን አይተዋት የማያውቋትን ልጅ አንገት አቅፈው አለቀሱ። "አይዞዎት እናቴ፣ እኔ እያለሁ ብቻዎን አይደሉም" አለቻቸው። ነርሷ የምትጠይቀውን አንድ በአንድ ተረጎመች፦ ዕድሜ፣ ስንት ዩኒት እንደሚወጉ፣ መቼ እንደበሉ፣ የማይስማማቸው መድኃኒት ካለ። እዚያ ሰው የሚታየው በመጣበት ተራ ሳይሆን በሕመሙ ክብደት ነው፤ ለእያንዳንዱ የቀለም ኮድ ይሰጠዋል፤ ቀይ ይቀድማል። ይህን ባትነግረን ኖሮ ከእኛ በኋላ የመጣ ሲገባ ስናይ ተናቅን ብለን ልባችን በተሰበረ ነበር። ፓስፖርት የለንም ብለን ፈርተን ነበር፤ አስቸኳይ ሕክምና ወረቀት ለሌለውም አይከለከልም። ሐኪሞቹም ነርሶቹም ሌሊቱን ሙሉ እየተመላለሱ አዩልን፤ በደም ሥር የሚገባውን ፈሳሽ ሲቀይሩ እንኳ "ማማ" እያሉ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል እናታችን ዓይናቸውን ገልጠው አጥሚቱን ጠየቁ። እህታችን ወደ ሥራዋ ልትሄድ ስትነሳ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። በጣሊያንኛ ሕመማቸውን፣ መድኃኒታቸውን፣ የእኔንና የራሷን ስልክ ቁጥር ጻፈችና የነጠላቸው ጫፍ ላይ፣ እናቶቻችን ብር እንደሚቋጥሩት አድርጋ፣ ቋጠረችላቸው። "ቦርሳ ይሰረቃል፣ ነጠላ ግን ማንም አይሰርቅም" አለችኝ። ያንን ቋጠሮ እናታችን አዲስ አበባ እስኪገቡ አልፈቱትም። እህታችን፣ የወለድሽው ይባረክ። እንቅልፍሽን ለእኛ ሰጥተሽ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ እንደዋልሽ እናውቃለን።

የስርቆቱን አቤቱታ ስናስመዘግብ በትዕግሥት ያስተናገዱንን ፖሊሶች ደግሞ እናመሰግናለን። ወረቀቱ ዴኑንቻ ይባላል፤ ክፍያ የለውም፤ በካራቢኒዬሪም (ወታደራዊው ፖሊስ) በፖሊስም ጣቢያ ይጻፋል። ማኅተም ያለበትን ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ፤ ምክንያቱም ኤምባሲውም፣ ኢንሹራንሱም፣ ስትመለሱ የኤርፖርቱ ኢሚግሬሽንም የሚጠይቀው እሱን ነው። የእናትና የልጅ የአባት ስም አለመመሳሰሉ ብዙ አስጠየቀን፤ እኛ አገር ሰው በአባቱና በአያቱ እንጂ በቤተሰብ ስም እንደማይጠራ የባለምግብ ቤቷ ወንድም በስልክ አስረዳልን። ከወላጅ ጋር የምትሄዱ የልደት ሰርተፊኬታችሁን የተተረጎመ ቅጂ ብትይዙ ከዚህ ሁሉ ትድናላችሁ።

በሮም የኢትዮጵያ ኤምባሲ ለተደረገልን መስተንግዶም ምስጋናችን ይድረስ። ፓስፖርቱ ሲጠፋ የሚሰጠው፣ ሊሴ ፓሴ የሚባለው የጉዞ ወረቀት ወደ አገር መመለሻ እንጂ ሌላ አገር መዞሪያ አይደለም፤ ስለዚህ ጀርመን ያለች አክስታችንን ሳናይ ቀርተናል። የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂ በኢሜይል ተልኮ ቢቀመጥ ሥራውን በጣም ያቀልላል። ጣሊያንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለውን የሸንገን ቪዛ ስትጠይቁ ግዴታ የሚሆነው የጉዞ ኢንሹራንስ ቢያንስ እስከ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን ነው። ብዙ ሰው ለቪዛ ማሟያ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ እኛም ከሆስፒታል የተሰጠንን ወረቀት ሁሉ ይዘን ስንቀርብ ነው ለምን እንደተዘጋጀ የገባን። የኢንሹራንሱን የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ከውሉ ላይ ገልብጣችሁ ያዙት፤ የሆስፒታል ወረቀትና የመድኃኒት ደረሰኝም አትጣሉ።

እናታችን ካገገሙ በኋላ ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰብስባችሁ የመከራችሁን ብዙ ነው፤ ዋና ዋናውን ልጻፍ። ከፊውሚቺኖ ኤርፖርት ወደ ቴርሚኒ የሚሄደው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ባቡር በ32 ደቂቃ ያደርሳል፤ እኛ ስንሄድ ዋጋው 14 ዩሮ ነበር። ታክሲ ከመረጣችሁ ሕጋዊው ነጭ ነው፤ ከኤርፖርቱ ወደ መሐል ከተማ የተወሰነ ታሪፍ አለው፤ እኛ በነበርንበት ጊዜ 55 ዩሮ ነበር። አዳራሹ ውስጥ "ታክሲ ታክሲ" እያለ የሚቀርባችሁን አትከተሉ። ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስና ሜትሮው የኪስ አውላቂ መናኸሪያ ናቸው፤ በተለይ በሩ ሊዘጋ ሲል የሚጋፋችሁን ሰው ተጠንቀቁ። ቦርሳ ከፊት፣ ዚፑ ወደ ሰውነት። ካፌ ጠረጴዛ ላይ ስልክ አይቀመጥ፤ ፈርሙልኝ ብሎ ወረቀት የሚዘረጋው ሰው ወረቀቱን ሲያነሳ ስልኩም አብሮ ይነሳል። ኮሎሲየም አካባቢ "አፍሪካ፣ እህቴ" እያሉ እጃችሁ ላይ ክር የሚያስሩ አሉ፤ ካሰሩ በኋላ ገንዘብ ነው። የክልል ባቡር የወረቀት ቲኬት ከመሳፈር በፊት ማሽን ውስጥ ገብቶ ካልተመታ ያስቀጣል። መንገድ ላይ የተዘረጋ የታዋቂ ብራንድ አስመስሎ የተሠራ ቦርሳ ሻጩን ብቻ ሳይሆን ገዢውንም ያስቀጣል። ውሃ አትግዙ፤ ከተማው ሁሉ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ የሚያፈስ የሕዝብ ቧንቧ አለው። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ነጠላ የያዘ ሰው ለዚህ አይቸገርም።

ካህኑ አባታችን፣ ስለ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የነገሩንን እናታችን እስከ ዛሬ ይተርኩታል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለው ያ ቤተ ክርስቲያን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከአገራችን በእግርና በመርከብ የሚመጡ መነኮሳት ማረፊያ ነበር። እዚያ ያረፉት አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ አሳትመዋል። ሐበሻ በሮም ሐበሻን መቀበል የጀመረው ትናንት እንዳልሆነ ሲሰሙ እናታችን "እንግዲያውስ ዘመድ ቤት ነው የመጣነው" አሉ።

ከተመለስን ወዲህ "ምን አስኬዳችሁ፣ ያ የሌባ አገር" የሚሉን አሉ። በዚህ አንስማማም። ሮም ውስጥ እንግዳን የሚያጠቃው በአብዛኛው የኪስ ሌባ እንጂ ደም የሚያፈስ ወንበዴ አይደለም፤ የደረሰብን ጉዳትም የመጣው ከሁለት ሰው ነው፤ የደረሱልንን ግን ቆጥረን አልጨረስንም። እናቶቻችንን በፍርሃት ቤት አታስቀሯቸው። አዘጋጅታችሁ ውሰዷቸው።

የእህታችን የምረቃ ቀን አላለፈንም። በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘን ቦሎኛ ደረስን። እንደ አገሩ ወግ የሎሬል ቅጠል አክሊል ደፍታ ስትወጣ እናታችን እልል ሲሉ ጣሊያናውያኑ ወላጆች ሁሉ ዞረው አጨበጨቡ። እዚያ ማደሪያ ሰጥታችሁ፣ ምሳ አዘጋጅታችሁ የተቀበላችሁን የቦሎኛ ተማሪዎች፣ ወግ ማዕረጋችሁን ለእናንተም ወላጆች ያሳይልን።

አንድ ሰው ቀርቶናል። በቴርሚኒ ሌባውን ተከትሎ የሮጠ፣ ወድቆ ጉልበቱ የተላጠ፣ ቦርሳውን ባያገኝም ተመልሶ እናታችንን በአማርኛ "ይቅርታ እናቴ" ያላቸው ወጣት አለ። ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ ነበር፤ ባቡሩ ሊያመልጠው ሲል ስሙን ሳንጠይቀው ተለያየን። ይህን ካነበብክ፣ ወይም የምታውቁት ካላችሁ፣ በሮም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ላሉ አባቶች ንገሩልን። እናታችን መርቀው ያልጨረሱት አንተን ነው።

እግዚአብሔር ይስጥልን።
ልጆቻቸው፣ ከአዲስ አበባ