ስለ ቡልጎጊ ጥቅላችሁ የቀረበ ቅሬታ፦ ጥፋቱ ከመጥበሻው ሳይሆን ከሳጥኑ ነው

ለ፦ የምግብ ጥቅል አቅራቢ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ «የቡልጎጊ እራት ለ4 ሰው» በሚል ስለምትሸጡት ጥቅል የቀረበ ቅሬታና የገንዘብ ተመላሽ ጥያቄ

በምግብ ዝግጅት ሙያ የተሰማራን፣ የኮሪያ ምግብም በየቤታችን የምናበስል ደንበኞቻችሁ ነን። ቡልጎጊ፣ ማለትም በስስ ተቆርጦ በጣፋጭ የሶያ ሶስ ተዘፍዝፎ የሚጠበስ የኮሪያ የበሬ ሥጋ፣ ለማብሰል ጥቅላችሁን ገዝተን በሳጥኑ ውስጥ ባለው የመመሪያ ካርድ መሠረት ስንሠራው ሥጋው ከላይ እንደ ገንፎ ላልቶ ውስጡ ጎማ ሆነ፣ ሩዙ መሐሉ ጥሬ ቀረ፣ ሶሱም ለመቅመስ እንኳ የማይቻል ጨው ሆነ። ይህንን ለክፍላችሁ በስልክ ስናመለክት «እሳት በዝቶበት ይሆናል፣ ሌላ ደንበኛ አላማረረም» የሚል መልስ ተሰጠን። መልሱን አልተቀበልነውም። ምክንያታችንን ከዚህ በታች በዝርዝር እናቀርባለን፤ ደብዳቤው የረዘመው ክፍላችሁ ጉዳዩን ለወጥ ቤት ኃላፊያችሁ ማሳየት እንዲችል ነው።

ከሁሉ የከፋው አናናሱ ነው። ካርዱ «ሥጋውን በመዘፍዘፊያው ውስጥ ሌሊቱን ያሳድሩ» ይላል። በከረጢቱ ያለው መዘፍዘፊያ ደግሞ ጥሬ አናናስ ተፈጭቶ የገባበት ነው። ኮሪያውያን ለቡልጎጊ የሚፈቀፍቁት ፒር የሚባለውን የአገራቸውን ትልቅና ውኃማ ፍሬ ነው። ፒሩ ሥጋ የማለስለስ ኃይሉ መለስተኛ ነው፤ ዋና ሥራው ጣፋጭነትና እርጥበት መስጠት ስለሆነ ሥጋው አብሮት ቢያድርም አይበላሽም። አናናስ ግን ብሮሜሌይን የሚባል የሥጋን ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለው። በስስ የተከተፈ ሥጋ ጥሬ አናናስ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከቆየ በቂው ነው። ሌሊቱን ካደረ ክሮቹ ይፈታሉ፤ መጥበሻ ላይ ሲወርድ አይጠበስም፣ ይፈረፈራል። ኪዊና ጥሬ ፓፓያም ጠባያቸው ይኸው ነው። የቆርቆሮ አናናስ ቢሆን ኖሮ በማሸጊያው ሙቀት ኢንዛይሙ ስለሚሞት ጉዳት ባልደረሰ ነበር፤ የእናንተ ግን ትኩስ አናናስ ነው።

የኮሪያ ፒር አዲስ አበባ ውስጥ እንደልብ እንደማይገኝ እናውቃለን፤ መተካታችሁንም አንነቅፍም። ግን መፍትሔው ቅርብ ነበር። ለ500 ግራም ሥጋ አንድ መካከለኛ ፖም ከግማሽ ራስ ቀይ ሽንኩርት ጋር ተፈቅፍቆ ቢገባ ጣፋጭነቱንም እርጥበቱንም ይሰጣል፣ ሥጋውንም አያፈርስም። አናናስ የግድ ከሆነ ለብቻው በትንሽ ከረጢት ታሽጎ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ብቻ፣ «ከመጥበስዎ 20 ደቂቃ በፊት ይጨምሩ» ተብሎ ቢጻፍበት ይበቃል።

አናናሱ ለምን እንደገባ ግን እንገምታለን፤ የሥጋውን አቆራረጥ ለመሸፈን ነው። ሳጥኑ ላይ «ሽንጥ» ተብሎ ተጽፏል፤ የደረሰን የታፋ ሥጋ ነው። ታፋም ቢሆን በሥርዓት ከተቆረጠ ያገለግል ነበር። ለቡልጎጊ ሥጋው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት ክሮቹን አቋርጦ መቆረጥ አለበት። ለዚህም ሙዳው ፍሪዘር ውስጥ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገብቶ ጠርዙ ጠንከር ሲል በስለታም ቢላ ይሸነሸናል፤ ለስላሳ ሥጋ ቢላ ስለሚያንሸራትት በስስ አይቆረጥም። የእናንተው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ ያውም ክሮቹን ተከትሎ የተቆረጠ ነው። የእኛ አገር ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ ስቡ ጥቂት ነው፤ ከታረደ ብዙ ሳይቆይም ስለሚሸጥ በማቆየት የሚመጣውን ልስላሴ አያገኝም። ስለዚህ እዚህ አገር ከየትም ይልቅ ወሳኙ ቢላው ነው። በወፍራሙ የተቆረጠ ሥጋ ላይ አናናስ ሲፈስበት ኢንዛይሙ ላዩን ያሟሟል እንጂ ውስጥ አይደርስም። ከላይ ገንፎ፣ ከውስጥ ጎማ ያልነው ይህ ነው፤ እሳት በዝቶበት አይደለም።

ክብደቱም አልሞላም። ሳጥኑ «500 ግራም ሥጋ» ይላል። መዘፍዘፊያው በወንፊት ተጠልሎ ሥጋው ብቻውን ሲመዘን 410 ግራም ነበር። የቀረው ሚዛን የሶስ ነው። ሶስን በሥጋ ዋጋ መሸጥ ስህተት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይመስለንም።

ወደ ጨው እንሂድ። የኮሪያ ሶያ ሶስ አንድ ዓይነት አይደለም። ለመዘፍዘፊያና ለጥብስ የሚሆነው ጠቆር ያለው፣ ጂን ጋንጃንግ ወይም ያንግጆ ጋንጃንግ የሚባለው ነው። ለሾርባ የሚሆነው ጉክ ጋንጃንግ ደግሞ ቀለሙ ፈዛዛ ሆኖ ጨውነቱ ከፍ ይላል፤ በማንኪያ እየተለካ ሾርባ ለማጣፈጥ እንጂ ሥጋ ለመዘፍዘፍ አይደለም። የከረጢቱ የግብዓት ዝርዝር «የሾርባ ሶያ ሶስ፣ 120 ሚሊ ሊትር» ይላል። ተራው ሶያ ሶስ እንኳ በአንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም በ15 ሚሊ ሊትር ውስጥ፣ ወደ 2 ግራም ተኩል ጨው አለው። በዚህ ሒሳብ 120 ሚሊ ሊትር 20 ግራም ጨው ይይዛል፤ የሾርባው ዓይነት ከዚህም ይበልጣል። ካርዱ «ሶሱን በሙሉ መጥበሻው ላይ ያፍስሱ» ስለሚል ሶሱ ሁሉ ከተበላ ለአንድ ሰው ቢያንስ 5 ግራም ጨው ይደርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል፤ እናንተ የቀኑን ጣሪያ በአንድ እራት ጨረሳችሁት። በጠረጴዛው ዙሪያ የደም ግፊት ያለበት ሰው ቢኖርስ?

ለ500 ግራም ሥጋ ትክክለኛው ልክ ይህን ያህል ነው፦ 60 ሚሊ ሊትር ተራ ሶያ ሶስ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ከላይ የጠቀስነው ፖምና ሽንኩርት፣ 4 ፍልቃቂ የተከተከተ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ሁለት ዘለላ አረንጓዴ ሽንኩርት። ፍሪጅ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ቢቆይ ይበቃዋል። አብሮት የሚቀርበው ሩዝ ጨው ስለማይገባበት ሥጋው ጠንከር ያለ ጣዕም ሊኖረው ይገባል፤ ሆኖም እጥፍ ሶያ ማለት አይደለም።

የሰሊጥ ዘይቱ ሌላው ጉድለት ነው። የኮሪያው ከተቆላ ሰሊጥ ስለሚጨመቅ ቡናማ ነው፣ ሽታውም ቤቱን ያውዳል። የላካችሁት ነጣ ያለ፣ ካልተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀና ሽታ አልባ ነው። (የሁመራን ሰሊጥ ለዓለም ገበያ በምትልክ አገር የተቆላ ሰሊጥ መዓዛ ማጣት ያሳዝናል።) የተቆላ ዘይት ከጠፋ 1 የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ ቆልቶና ወቅጦ መጨመር ይቻላል። ካርዱ ደግሞ «በሰሊጥ ዘይት ይጥበሱ» ይላል። የተቆላ የሰሊጥ ዘይት በኃይለኛ እሳት ቶሎ ይጨስና ይመራል፤ ቦታው መዘፍዘፊያው ውስጥ ወይም ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። መጥበሻው ላይ ተራ የምግብ ዘይት ይበቃል።

አጠባበሱን በተመለከተ ካርዱ ሥጋውንና ሶሱን በአንድ ጊዜ አፍስሳችሁ 10 ደቂቃ አቆዩ ይላል። ይህ መቀቀል ነው። በ26 ሴንቲ ሜትር መጥበሻ ላይ ግማሽ ኪሎ ቀዝቃዛ ሥጋ ሲወርድ ሙቀቱ ይወድቃል፣ ሥጋው ውኃ ይለቃል፣ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ትክክለኛው አሠራር ሥጋውን ከመዘፍዘፊያው አጥልሎ በሦስት ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር ከ2 እስከ 3 ደቂቃ፣ በኃይለኛ እሳት መጥበስ ነው። አብዛኛው ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ቀስ ብሎ ስለሚግል የብረት መጥበሻው ሥጋ ሳይገባበት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ መጋል አለበት። መዘፍዘፊያው ስኳር ስላለው በየዙሩ መሐል መጥበሻው በትንሽ ውኃ ይጠረግ፤ አለበለዚያ ያረረው ስኳር ቀጣዩን ዙር ያመርረዋል። መረቅ ያለው የሴኡል ዓይነት ቡልጎጊ ነበር የፈለጋችሁት ከተባለ ደግሞ ሶሱ በሾርባ ቀጥኖ ከስኳር ድንች ስታርች የተሠራው ብርሃን አሳላፊ ኑድል ሊጨመርበት ይገባ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ሁለቱም የሉም።

ሩዙ ላይ ሁለት ስህተት ተደራርቧል። በማሸጊያው ላይ «የኮሪያ ሩዝ» ይላል፤ ውስጡ ያለው ረጅሙና ቀጭኑ፣ ለፒላው የሚሆነው ነው። የኮሪያ ሩዝ አጭርና ድቡልቡል ነው፤ በውስጡ ያለው የስታርች ዓይነት ፍሬዎቹን እርስ በርስ ስለሚያጣብቅ በቾፕስቲክ ይነሳል፣ በሰላጣ ቅጠልም ከሥጋው ጋር ይጠቀለላል። ረጅሙ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይበተናል።

ሁለተኛው ስህተት ካርዱ አዲስ አበባን ረስቷል። «2 ኩባያ ሩዝ፣ 2 ኩባያ ውኃ፣ 12 ደቂቃ» የሚለው ልኬት በባሕር ጠለል ላይ ላለ ወጥ ቤት የተጻፈ ነው። እኛ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ ውኃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳቱን የቱንም ያህል ብናበዛ ውኃው በፍጥነት ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ሩዙ ሳይበስል ውኃው ያልቃል። አጭሩን ሩዝ ውኃው እስኪጠራ አጥቦ 30 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ማጥለል፣ ለ2 ኩባያ ሩዝ 2 ኩባያ ተኩል ውኃ መጠቀም፣ ከፈላ በኋላ ክዳኑን ገጥሞ በዝግታ እሳት ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ማብሰል፣ ከዚያ ሳይከፍቱ 15 ደቂቃ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ደግሞ ችግሩን ከሥሩ ይፈታዋል፤ ታፍኖ የሚፈላ ውኃ ሙቀቱ ከፍ ይላል። ለተዘፈዘፈ ሩዝ እኩል ውኃ፣ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ግፊቱ በራሱ እስኪወርድ መጠበቅ ይበቃል። ኮሪያም ውስጥ በየቤቱ ያለው የሩዝ ማብሰያ አብዛኛው በግፊት የሚሠራ ነው።

ስለ ማድረሻ ቀንም አንድ ነገር እንበል። «በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠቀሙ» የተባለ የሥጋ ጥቅል ዓርብ ጠዋት ማድረስ ለጿሚ ቤተሰብ መጣል ማለት ነው። አናናስ የሌለበት የተዘፈዘፈ ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ በደህና ይቆያል፤ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ እንዲቀልጥ ማድረግ ብቻ ነው። አናናስ ያለበት ግን እስኪበርድም ሲቀልጥም መሟሟቱን ስለሚቀጥል ይህም አማራጭ ተዘግቷል።

በመጨረሻም የሶሱ ከረጢት ስንዴ፣ ሶያና ሰሊጥ እንዳለበት የአለርጂ ማስጠንቀቂያ አልተጻፈበትም። ተራ ሶያ ሶስ ስንዴ እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም፤ ስንዴ የማይስማማው ሰው «ሥጋና ሩዝ ነው» ብሎ ይበላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «ሽንጥ» ተብሎ ታፋ፣ «500 ግራም» ተብሎ 410፣ «የኮሪያ ሩዝ» ተብሎ ሌላ ሩዝ መላክ ከዚህ ጋር አይሄድም።

ስለዚህ የከፈልነው ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልን፣ አናናስ ያለበት መዘፍዘፊያ ከሽያጭ እንዲወጣ፣ የሥጋው ክብደት ከሶሱ ተለይቶ እንዲጻፍ፣ ካርዱም ለአዲስ አበባ ከፍታ ተስተካክሎ እንዲታተም እንጠይቃለን። ጥቅሉን ገና ያልከፈቱ ደንበኞች ካሏችሁ ሥጋውን እንዳያሳድሩት ዛሬውኑ በአጭር መልእክት አሳውቋቸው፤ ይህ ገንዘባችንን ከመመለስም ይቀድማል። የሥጋውና የሚዛኑ ፎቶግራፎች፣ የከረጢቱ ጽሑፍና ደረሰኙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰን አቤቱታችንን ለሚመለከተው የሸማቾች ጥበቃ አካል እናቀርባለን።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኞቻችሁ